ደላላው ነቀዝ ነው፦ የአይጥ ትል ቤታችን እንዳይገባ ምን እናድርግ?

ማታ መብራት ጠፍቶ ቤቱ ጸጥ ሲል ኮርኒሱ ላይ ሩጫ ይጀመራል። መጀመሪያ ኮሽ ይላል። ከዚያ ከጥግ እስከ ጥግ ልክ እንደ ጉግስ። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ድምፅ በደንብ ያውቀዋል። ጫማ አንስቶ ጣራውን ይመታና ተመልሶ ይተኛል። ጠዋት ጓዳ ሲገባ የተቀደደ ጆንያ ያገኛል። ወለሉ ላይ ደግሞ ኑግ የፈሰሰ የሚመስል ጥቁር ነገር አለ። ኑግ ግን አይደለም።

አይጥን ስናማ ብዙ ጊዜ የምናነሳው የቀደደችውን ልብስና የበላችውን እህል ነው። ሆዷ ውስጥ ያለውን ማንም አያነሳም። የከተማ አይጥ ትል አያጣትም፤ አንዳንዷ ሁለት ሦስት ዓይነት ይዛ ትዞራለች። ደግነቱ አብዛኛው የአይጥ ትል ሰው ላይ አይኖርም። ወደ ሰው የሚሻገሩት ጥቂት ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ብዙዎቹ ከአይጧ ዘለው አይመጡብንም። ቤት ስንከራይ ደላላ እንደምንፈልገው ሁሉ እነሱም ደላላ ይፈልጋሉ። ደላላው ነቀዝ ሊሆን ይችላል፤ ቁንጫ፣ በረሮ ወይም ቀንድ አውጣም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወጥመድ ብቻ ይዞ አይጥ ማሳደድ ግማሽ ሥራ ነው። ቀሪው ግማሽ ያለው የዱቄት ዕቃችን ውስጥ ነው።

ቀድመን እንወቃቸው

የመጀመሪያው ሃይሜኖሌፒስ ዲሚኑታ ይባላል። "የአይጥ ኮሶ" ብንለው ያስኬዳል፤ ከጥሬ ሥጋ የሚመጣው የኮሶ ትል ዘመድ ነው። ከ20 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። አይጧ ራሷ ጅራቷን ትተን 20 ሴንቲ ብትሆን ነው። ከራሷ የሚረዝም ሪባን ሆዷ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ እሷ ኮርኒስ ላይ ትሮጣለች።

አካሄዱ እንዲህ ነው። የትሉ እንቁላል ከአይጧ ኩስ ጋር ይወጣል። ኩሱ እህል ወይም ዱቄት ላይ ይወድቃል። ነቀዝ ዱቄቱን ሲበላ እንቁላሉንም አብሮ ይበላል። እንቁላሉ ነቀዙ ሆድ ውስጥ ተፈልፍሎ እጭ ይሆናል። ያንን ነቀዝ ሳይበስል የዋጠ ሰው ትሉን አንጀቱ ውስጥ ያሳድጋል። ልብ በሉ፤ ሰው በስህተት የአይጧን ኩስ ራሱን ቢውጥ እንኳ ይህ ትል አይዘውም። የግድ በነቀዝ ወይም በቁንጫ በኩል ማለፍ አለበት። ሰው ላይ ብዙም አይገኝም። በዓለም ዙሪያ የተመዘገበው ጥቂት ነው፤ አብዛኞቹ ደግሞ ልጆች ናቸው።

ሁለተኛው ሃይሜኖሌፒስ ናና ነው። ናና በላቲን ድንክ ማለት ነው፤ ርዝመቱም ከ4 ሴንቲ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ1851 ካይሮ ውስጥ ያገኘው ቴዎዶር ቢልሃርዝ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው። አዎ፣ ቢልሃርዚያ የምንለው በሽታ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ሰውዬ ነው። በ1862 አንድ የጀርመን መስፍን ተከትሎ እስከ ምጽዋ መጥቶ ነበር። በዚያው ጉዞ ታመመና ካይሮ ተመልሶ ሞተ።

ይህ ድንክ ደላላ አያስፈልገውም። እንቁላሉ ከሰው በወጣ ሰዓት ሌላ ሰው ለመያዝ ዝግጁ ነው። ከዚያም ብሶ፣ ከሆድ ሳይወጣ እዚያው ተፈልፍሎ ያንኑ ሰው እንደገና መያዝ ይችላል። አንድ ትል ጥቂት ሳምንት ብቻ ኖሮ ይሞታል፤ ሰውዬው ግን ዓመታት ትል እንዳለበት ይኖራል። አይጥ ላይም ይገኛል። አይጥ ላይ ያለውና ሰው ላይ ያለው ትል አንድ ዝርያ ነው ወይስ የተለያየ የሚለው ጉዳይ ተመራማሪዎችን ዛሬም ያከራክራል። በተግባር ሰውን የሚይዘው በዋናነት ከሰው ነው። በነቀዝ በኩልም ሊመጣ ይችላል። በዓለም ላይ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች አሉበት፤ አገራችን ውስጥም ተማሪዎች ሰገራ ሲመረመሩ ደጋግሞ የሚገኝ ነው።

በረሮን ደላላ የሚያደርግም አለ፤ ሞኒሊፎርሚስ ይባላል። ሰው ላይ እምብዛም ስለማይገኝ አልዘገይበትም። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ካላንድሩቾ የሚባል ጣሊያናዊ ተመራማሪ የዚህን ትል እጭ ሆን ብሎ ዋጠ። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1888 ታትሟል። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ሆዱን ያዘው፤ ጆሮው ይጮህበት ጀመር። መድኃኒት ወስዶ ዳነ። ሳይንስ አንዳንዴ እንዲህ ነው የሚሠራው። አራተኛው በቀንድ አውጣ በኩል ይመጣል፤ ሰላጣ ላይ ስንደርስ እናገኘዋለን።

አንደኛ፦ የት እንደምትመላለስ ይታወቅ

ሥራው የሚጀመረው በማየት ነው። የትንሿ የቤት አይጥ ኩስ ልክ ኑግ ወይም ሩዝ ያህላል። የትልቋ አይጥ ከአንድ ሴንቲ ይበልጣል። ትኩሱ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ነው። የቆየው ደግሞ አመድማ ሆኖ ሲነኩት ይፈረፈራል። ትኩስ ካያችሁ እንግዳዋ አሁንም ቤት ናት ማለት ነው።

አይጥ ዓይኗ ደካማ ስለሆነ ግድግዳ ታክካ ነው የምትሄደው። ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ስለምትመላለስ ጸጉሯ ላይ ያለው ቅባት ግድግዳው ላይ ያደፈ መስመር ይተዋል። ከምድጃው ኋላ፣ ከማቀዝቀዣው ጀርባ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር በእጅ ባትሪ ፈልጉ። ጥርጣሬ ካለ ማታ አመድ ስስ አድርጋችሁ በግድግዳው ጥግ ነስንሱ። ጠዋት እግሯን አትማላችሁ ታገኙታላችሁ። ዱቄት የሚነሰንሱ አሉ። ይህማ ግብዣ ነው።

ሁለተኛ፦ ጓዳውን መዝጋት

እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ፤ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው።

ጆንያ ለአይጥ ጥርስ ምንም አይደለም። ፌስታልማ ጭራሽ። ጤፉንም ዱቄቱንም ሽሮውንም ግጥም ብሎ ወደሚዘጋ የብረት በርሜል፣ ጣሳ ወይም የመስታወት ዕቃ ገልብጡ። ወፍራም ፕላስቲክም ይሆናል። ግን ጠርዙ ወጣ ያለ ከሆነ እዚያ ላይ ጥርሷን ታገኛለች። ዕቃው ከወለል ከፍ፣ ከግድግዳ ደግሞ ራቅ ይበል። ከኋላው መጥረጊያ የሚያስገባ ክፍተት ካለ ይበቃል። ያኔ እሷም የምትደበቅበት አይኖራት፤ እናንተም ኩሷን ታያላችሁ።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ፣ "ከዚህ ሁሉ የትኛው ያሳስባል?" የሚለው ነው። የጤፍ ዱቄት ይጋገራል። ሽሮ ይንተከተካል። ገንፎም እሳት ያየዋል። ነቀዝ ገብቶበት ቢሆን እንኳ እሳቱ እጩን ይገድለዋል። ያስቀይም ይሆናል እንጂ ትል አያሲዝም። የሚያሳስበው ከዕቃው ወጥቶ እሳት ሳያይ አፍ የሚገባው ነው። በሶ አንደኛ ነው። ጭኮ አለ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ዘቢብ፣ ቴምር፣ ብስኩት ይከተላሉ።

"በሶ እኮ ተቆልቶ ነው" ትሉኝ ይሆናል። እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር። ገብሱ ግን የሚቆላው ከመፈጨቱ በፊት ነው። ከወፍጮ ከተመለሰ በኋላ እሳት አያገኘውም። ጣሳ ውስጥ ሁለት ሦስት ወር ይቀመጣል፤ ከዚያ ይበጠበጣል ወይ ይጨበጣል፣ ይበላል። ነቀዝ የሚገባው በዚያ መሃል ነው። ባለፈው ክረምት ከቤተሰብ የተላከልኝን የበሶ ጣሳ ስከፍት ላዩ ላይ እንደ ክር የቀጠነ መንገድ አየሁ፤ ሰው በጣቱ ጫፍ የጎተተው ይመስላል። ለካ ነቀዙ ከሥር ሲሄድ ዱቄቱን እያሰመረው ነበር። ከዚያ በፊት ስንት ኩባያ ከዚያው ጣሳ እንደጠጣሁ ባልቆጥረው ይሻለኛል።

እናንተም ሞክሩት። ሁለት ማንኪያ በሶ ነጭ ወረቀት ላይ ሳሳ አድርጋችሁ ዘርጉና ብርሃን ያለበት ቦታ አስቀምጡ። አምስት ደቂቃ ታገሡ። የዱቄት ነቀዝ ብርሃን አይወድም። ካለ እየተራወጠ ወደ ጥላው ይሄዳል፤ ዱቄቱ ላይም መስመር ይሠራል። ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ነው፣ ርዝመቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር።

ቢገኝስ? መንፋት ብቻውን አይበቃም። ወንፊት ትልልቁን ይይዛል፤ የተፈጨ የነቀዝ ስብርባሪና የነቀዙ እንቁላል ግን ያልፋል። እኔ መድፋት ይቀለኛል። እናቴ ግን በዚህ አትስማማም፤ ነፍታ ምጣድ ላይ እንደገና ታምሰዋለች። እውነቱን ለመናገር እሷ ትክክል ናት። እያማሰሉ ዱቄቱ ሁሉ እጅ የሚያቃጥል እስኪሆን ማመስ ነው። ከዚያ አቀዝቅዞ ወደታጠበና ወደደረቀ ዕቃ መመለስ ነው። እርጥብ ዕቃ ውስጥ ከገባ ይሻግታል። ያ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ፍሪዘር ያላችሁ አዲስ የመጣውን በሶ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ አንድ ሳምንት አቆዩት። ነቀዙም እንቁላሉም ይሞታል። ዋሽንግተንም ሆነ ዱባይ በሻንጣ የሚላክላችሁ፣ ሻንጣው እንደተከፈተ በሶውና ሽሮው መጀመሪያ ፍሪዘር ይግባ። የጓዳችሁን ሌላ እህልም ያድናል።

ጥቂት ልማዶችም ይጨመሩ። አሮጌው ላይ አዲስ አትገልብጡ፤ ጨርሱ፣ ዕቃውን በፈላ ውሃ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ከዚያ ሙሉ። ትንሽ ትንሽ አስፈጩ። ወፍጮ ቤት የምትወስዱትን ጆንያ አራግፋችሁ ፀሐይ ላይ አስጡ። ማታ ደግሞ መሶቡ ይከደን፣ ሳህን ሳይታጠብ አይደር፣ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ይጠገን። ውሃ ለአይጥ እንደ እህል ነው። የውሻው ትርፍራፊ ሜዳ ላይ ካደረ ደግሞ እስካሁን የደከማችሁበት ሁሉ ለከንቱ ነው።

ሦስተኛ፦ ቀዳዳ መድፈን

መለኪያው ቀላል ነው። እስክሪብቶ ካስገባ ትንሿን አይጥ ያስገባል። አውራ ጣት ከገባበት ትልቋ ትበቃለች። ጭንቅላቷ ካለፈ የተረፈው ሰውነቷ ተጣጥፎ ያልፋል።

ጋዜጣ፣ ጨርቅና ስፖንጅ አትወትፉ፤ ለጎጆ መሥሪያ ትወስደዋለች። ዕቃ የሚፈተግበት የብረት ሽቦ ጠቅጥቁና ላዩን በሲሚንቶ ምረጉት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ዋናው መግቢያ ቧንቧ ግድግዳውን የሚያልፍበት ቦታ ነው፤ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩት። የበሩ ሥር ክፍተት ላይ ቆርቆሮ ምቱበት። ውጭ ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ከተሰበረ ለብሎኩ ኮሚቴ ንገሩ። እዚህ ላይ ብቻውን የሚሠራ ሰው የጎረቤቱን አይጥ ነው የሚቀበለው። የእናንተ ሲዘጋ ወደ ጎረቤት፣ የጎረቤት ሲዘጋ ወደ እናንተ። በአንድ ቅዳሜ አብሮ መሥራት ነው የሚያዋጣው።

አራተኛ፦ ወጥመድ፣ መርዝ፣ ድመት

የእንጨት ወይም የብረት ወጥመድ ርካሽና አስተማማኝ ነው። ግን አይጥ አዲስ ነገር ትፈራለች። ወጥመዱን ሳታጠምዱ የለውዝ ቅቤ ወይም ቋንጣ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ቀን ተዉላት። ትልመደው። ከዚያ አጥምዱት። አቀማመጡ መብሉ ያለበት ጫፍ ግድግዳውን እንዲነካ ነው፤ መንገዷ እዚያ ነዋ። በአንድ ወጥመድ አትመኩ፤ አራት አምስት በአንድ ሌሊት ይሻላል።

መንገድ ላይ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠውን የአይጥ መርዝ አትግዙ። ስሙ የለም፣ መጠኑ የለም፣ ልጅ ቢቀምሰው ለሐኪሙ የምትናገሩት የለም። ደግሞ መርዝ የበላችዋ የምትሞተው ኮርኒስ ውስጥ ነው። ሽታውን ለሁለት ሳምንት ትኖሩበታላችሁ።

ድመትስ? አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች ይባላል። ተረቱ ለትንሿ አይጥ ይሠራል። ትልቋ ግን ሌላ ናት። ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ አንድ የቆሻሻ መልሶ መጠቀሚያ ግቢ ላይ ተመራማሪዎች ካሜራ ተክለው ለ79 ቀን ተከታተሉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ። ድመቶቹ በዚያ ሁሉ ጊዜ ገድለው የታዩት ሁለት አይጥ ብቻ ነው። አይጦቹ ድመት ሲያዩ ተደበቁ እንጂ አልቀነሱም። በዚያ ላይ ድመት አይጥ ስትበላ ከአይጧ ጉበት የራሷን የኮሶ ትል ትወስዳለች። ያኛው ሰው አይዝም ማለት ይቻላል። በኩሷ የሚወጣው ቶክሶካራ የሚባለው ትል ግን ልጆችን ይይዛል። ድመት ካላችሁ የእንስሳት ሐኪም ጋ ወስዳችሁ የትል መድኃኒት አሰጧት፤ ልጆች አፈር የሚጫወቱበት ቦታ ላይም እንዳትጸዳዳ ጠብቁ።

አምስተኛ፦ የሞተችውን ማንሳት

በጅራቷ አንጠልጥሎ ወደ ጎዳና መወርወር ቀረ። አይጥ ስትሞት ገላዋ ይቀዘቅዛል፤ ቁንጫዎቿም ሞቃት ገላ ፍለጋ ይወጣሉ። ሞቃቱ ገላ የእናንተ ነው። መጀመሪያ በረኪና ያለበት ውሃ ረጭታችሁ አርጥቧት። ጓንት አድርጉ፤ ከሌለ ሁለት ፌስታል እጃችሁ ላይ ደርቡ። በዚያው አንሱና ፌስታሉን ገልብጣችሁ ቋጥሩ፤ በሌላ ፌስታል ድገሙት።

ግቢ ካላችሁ ጠለቅ አድርጋችሁ ቅበሯት፣ ልጆች ከሚጫወቱበት ራቅ ብሎ። ምክንያት አለው። ካሎዲየም ሄፓቲኩም የሚባል ትል እንቁላሉን የሚጥለው አይጧ ጉበት ውስጥ ነው። እንቁላሉ በኩስ አይወጣም። አይጧ ስትበሰብስ ወይም ውሻ ሲበላት ነው ወደ አፈር የሚበተነው። እዚያ አፈር ላይ ሳምንታት ቆይቶ ሰው ለመያዝ ይደርሳል። ሰው ላይ እምብዛም አይታይም፣ ሲይዝ ግን ጉበት ነው የሚይዘው።

ስድስተኛ፦ ኩሱን ማጽዳት

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ኩስ ሲያይ መጥረጊያ ያነሳል። ደረቅ ኩስ ሲጠረግ አቧራው ይነሳና ወደ ሳንባ ይገባል። ትል ባያመጣም ከአይጥ ሽንትና ኩስ ጋር የሚመጡ ሌሎች በሽታዎች አሉ።

በርና መስኮት ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ይናፈስ። ጓንትና ማስክ አድርጉ። አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጡና ኩሱን እስኪርስ አርከፍክፉበት። አምስት ደቂቃ ጠብቁ። በወረቀት ወይም በሚጣል ጨርቅ ጠርጋችሁ አንሱ፣ ፌስታል ውስጥ ቋጥሩ። በረኪናውን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚያፍን ጋዝ ይወጣል።

አንድ ነገር ግን እንዳያታልላችሁ። በረኪና ለባክቴሪያና ለቫይረስ ጥሩ ነው። የትል እንቁላል ግን ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ በሱ አይደነግጥም። እንቁላልን የሚያስወግደው ፍትጊያ ነው፦ ሳሙና፣ ሙቅ ውሃ፣ ጨርቅ። ስለዚህ በረኪናው ሥራውን ሲጨርስ ወለሉን በሳሙናና በሙቅ ውሃ ድገሙት።

በመሃል አይጥ ከነከሰች ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ሩብ ሰዓት እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ሰባተኛ፦ እጅ፣ ጥፍር፣ ሰላጣ

ለድንኩ ትል ወጥመድ የለም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። እዚህ ላይ ግን ተረቱ ተገልብጧል፤ እኛ እጃችንን ሳንታጠብ አይጧ ትወቀሳለች። የልጆች ጥፍር በሳምንት አንዴ ይቆረጥ። ከሽንት ቤት በኋላና ከመብላት በፊት በሳሙና፣ ሁልጊዜ። የዚህ ትል እንቁላል ውጭ ከ10 ቀን በላይ አይቆይም። ቤት ውስጥ አንድ ሰው ከተያዘ አንሶላና የውስጥ ልብስ በፈላ ውሃ ማጠብ፣ የሽንት ቤቱን እጀታ በየቀኑ መወልወል ለሁለት ሳምንት ያህል ይደረግ።

አሁን ወደ ቀንድ አውጣው። አንጂዮስትሮንጊለስ ካንቶኔንሲስ የሚባል ትል አይጥ ሳንባ ውስጥ ይኖራል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1935 መጀመሪያ ከተገለጸበት ከቻይናው ካንቶን ነው። ቀንድ አውጣ ከአይጥ ኩስ ይወስደዋል፤ ሰው ደግሞ ጥሬ ቀንድ አውጣ ሲበላ፣ ወይም ሰላጣ ቅጠል ላይ የተጣበቀች ትንሽዬ ሳያይ ሲውጥ ይይዘዋል። ሰው ውስጥ አድጎ አይጨርስም። ይጠፋበትና አንጎል ሽፋን ላይ ይደርሳል። ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የአንገት መድረቅ፣ ቆዳ ላይ የመውረር ስሜት ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 ቤጂንግ ውስጥ ምግብ ቤት ያልበሰለ ቀንድ አውጣ የበሉ ከመቶ በላይ ሰዎች ታመውበታል።

እኛ ቀንድ አውጣ አንበላም፣ እውነት ነው። ሰላጣ ግን እንበላለን። በአሜሪካ፣ ብዙ የኛ ሰው በሚኖርበት አትላንታ፣ ከ2019 እስከ 2022 (እ.ኤ.አ.) የከተማው የእንስሳት ማቆያ ግቢ ውስጥ በተገኙ አይጦች ላይ ይህ ትል ታይቷል። ጓሮው ውስጥ ጎመንና ሰላጣ የሚተክል ሰው ቅጠሉን አንድ በአንድ ገነጣጥሎ፣ ሁለቱንም ገጽ እያየ፣ በሚወርድ ውሃ ይጠብ። ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፎ መተው አይተማመኑበትም። ጎመኑ ሲበስል ጉዳይ የለውም።

ስምንተኛ፦ ምርመራና መድኃኒት

ምልክቱ ብዙ ጊዜ የለም። ሲኖር ሆድ ቁርጠት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ተቅማጥ፣ መነጫነጭ፣ የፊንጢጣ ማሳከክ ነው። ልጅ ላይ እነዚህ ሲደጋገሙ የሰገራ ምርመራ ይጠየቅ።

አንድ ወዳጄ ልጁን ይዞ ክሊኒክ ሄዶ "የኮሶ ትል ዘር ተገኝቷል" ተባለ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ "ጥሬ ሥጋ ትሰጡታላችሁ?" የሚል ነበር። የአራት ዓመት ልጅ! ሰውዬው ተናዶ ወጣ። ችግሩ የኮሶ ትል ሲባል ሁሉም ሰው ቁርጥ ቤት ነው የሚታየው። ስለዚህ ስትሄዱ ራሳችሁ ተናገሩ፦ "ቤታችን አይጥ አለ፣ በሶ ላይ ነቀዝ አይተናል።" የላቦራቶሪ ባለሙያው ይህን ከሰማ እንቁላሉን በጥንቃቄ ያያል። የድንኩ እንቁላል ውስጡ ቀጫጭን ክሮች አሉት። የአይጡ ኮሶ ደግሞ ተለቅ ይላል፣ ክርም የለውም። ሁለቱ ይምታታሉ፤ መለየቱ ግን ይጠቅማል። ድንኩ ከሆነ የቤቱ ሰው ሁሉ ይመረመራል። የአይጡ ከሆነ የሚመረመረው ጓዳው ነው።

ሰገራው ትኩስ ይሁን። በአንድ ቀን ናሙና "ነፃ ነህ" ከተባለና ምልክቱ ካልተወ፣ በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ይታይ። እንቁላሉ በየቀኑ እኩል አይወጣም።

"ትምህርት ቤት የትል መድኃኒት ወስዷል" የሚል ወላጅ ብዙ ነው። አገር አቀፉ የተማሪዎች የትል መድኃኒት ዘመቻ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በስፋት እየተሰጠ ነው፤ ትልቅ ሥራም ሠርቷል። ግን በአብዛኛው የሚሰጠው አልቤንዳዞል ወይም ሜቤንዳዞል ለወስፋትና ለመሰሎቹ ነው። ለድንኩና ለአይጡ ኮሶ የሚታዘዘው ፕራዚኳንቴል ነው። እሱ በዘመቻ የሚሰጠው ቢልሃርዚያ ባለበት አካባቢ ነው። መጠኑም ለተለመደው የኮሶ ትል ከሚሰጠው ስለሚበልጥ በክብደት ለክቶ ሐኪም ይዘዘው። ከፋርማሲ "የትል ስጠኝ" ብሎ መግዛት እዚህ ላይ አይሠራም። ኮሶ፣ እንቆቆ ወይም መተሬ ጠጥቶ ሻር ማለትም ለልጅ አይሆንም፤ መጠኑ የማይታወቅ ነገር ነው።

መድኃኒቱ አንድ ጊዜ የሚዋጥ ነው። ለድንኩ ግን አንጀት ግድግዳ ውስጥ የተደበቀው እጭ ሊተርፍ ይችላል። ሐኪሙ ከአስር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት በኋላ እንዲደገም ሊያዝ ይችላል። ካላነሳው ጠይቁት። ከወር በኋላ ሰገራው እንደገና ይታይ። በዚያው ሳምንት የበሶውን ጣሳ ነጭ ወረቀት ላይ አራግፉና እዩት።